ፀሐይ ሃይድሮጅን ሞልቷት ሳለ ነዳጅ ያልቅባታል የሚባለው እንዴት ነው?

ከጎንደር፣ አዘዞ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር የላኩት ጥያቄ ጠቅለል ሲል እንዲህ ይላል፦ «ለ12ኛ ክፍል ስለ ኒውክሌር ውህደት ሳስተምር ከተማሪዎቼ አንዱ አፋጠጠኝ። ፀሐይ አብዛኛው አካሏ ሃይድሮጅን ነው ካልን፣ ነዳጅ አለቀባት የሚባለው እንዴት ነው? ትልልቆቹ ከዋክብት ከእሷ የበለጠ ነዳጅ ይዘው ለምን ቀድመው ይሞታሉ? ከውጭ ሃይድሮጅን ቢጨመርላትስ ዕድሜዋ አይረዝምም? ሃይድሮጅኑ ሲያልቅ ሂልየሙን፣ ከዚያ ካርቦኑን እያነደደ ኮከብ ለምን ዝም ብሎ አይቀጥልም? ብረት ኮከብን ይመርዛል የሚባለው እውነት ነው? የእኔን ደግሞ ልጨምር፤ በኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት ያለችው ቀይ ኮከብ ቤቴልጅዩስ ነዳጇን ጨርሳ ልትፈነዳ ነው የሚባለው ምን ያህል ይታመናል?»

ተማሪው መጠርጠሩ ልክ ነው፤ የጎደለው የተለመደው ማብራሪያ ነው። ፀሐይ ሃይድሮጅኗን ጨርሳ አትሞትም። ማበጥ በምትጀምርበት ጊዜ እንኳ አብዛኛው ሃይድሮጅኗ ሳይነካ ይኖራል። የሚያልቀው ውህደት ሊካሄድ በሚችልበት ጠባብ ስፍራ፣ በእምብርቷ ያለው ብቻ ነው። ጓዳው ውስጥ ሙሉ ጆንያ ከሰል ያለው ቤት፣ ከጆንያው ዘግኖ ምድጃው ላይ የሚጨምር ሰው ከጠፋ እሳቱ ይከስምበታል፤ የፀሐይም ችግር ይኸው የማመላለስ ችግር ነው። ምሳሌው ግን እዚህ ላይ ይቁም። ምድጃ ከሰሉ ሲያልቅ ይቀዘቅዛል፤ የኮከብ እምብርት ግን ነዳጁ ሲያልቅ ይብሱን ይሞቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በፀሐይ ውስጥ በኬሚስትሪ ትርጉሙ የሚነድ ነገር እንደሌለ ተማሪዎቹ አስቀድመው ይያዙ። መንደድ አቶሞች በውጭ ኤሌክትሮኖቻቸው ብቻ የሚያደርጉት ለውጥ ነው። ፀሐይ በሙሉ የድንጋይ ከሰልና ለእሱ የሚበቃ ኦክስጅን ብትሆን ኖሮ፣ አሁን በምትሰጠው ብርሃን ከጥቂት ሺ ዓመታት አታልፍም ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሄልምሆልትዝና ኬልቪን ሙቀቷ ከራሷ ስበት ይመጣል፣ እየተኮማተረች ትሞቃለች ብለው ቢያሰሉ ያገኙት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ነበር፤ ይህም ለምድር ዕድሜ አልበቃም። በ1920 (ካልተለየ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አርተር ኤዲንግተን ምንጩ ሃይድሮጅን ወደ ሂልየም መለወጡ ሊሆን ይችላል አለ፤ በ1925 ሲሲልያ ፔይን ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆናቸውን አሳየች፤ በ1939 ሃንስ ቤተ የለውጡን ደረጃዎች አስቀመጠ። ከዚህ በታች «ማንደድ» የምለው ይህንን ውህደት ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የአንድ ሃይድሮጅን አቶም መጠነ ቁስ፣ በአቶሚክ መጠነ ቁስ መለኪያ (u)፣ 1.007825 ነው፤ የአራቱ 4.0313 ይሆናል። አራቱ ተዋህደው የሚሰጡት ሂልየም ግን 4.0026 ነው። የጎደለው 0.0287፣ ከመነሻው 0.71 በመቶ ነው፤ ኃይል የሚሆነው እሱ ነው። ፀሐይ 3.8×10²⁶ ዋት ለመስጠት በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሃይድሮጅን ወደ ሂልየም ትለውጣለች፤ ከዚህ ውስጥ በእርግጥ የሚጠፋው 4 ሚሊዮን ቶን ከጥቂት ነው። ስለዚህ «ፀሐይ ቁሷን በልታ ትጨርሳለች» ማለት ስህተት ነው። ከሚነደው 99.3 በመቶው ሂልየም ሆኖ እዚያው ይቀራል። ይህ ቅሪት የትም አለመሄዱ ነው ኋላ ችግር የሚፈጥረው።

ደረጃዎቹም ቢታወቁ ይጠቅማል። መጀመሪያ ሁለት ፕሮቶኖች (የሃይድሮጅን ኒውክለሶች) ተጋጭተው ዲውቴሪየም፣ ማለትም አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ያለው ከባድ ሃይድሮጅን፣ ይሰጣሉ፤ ዲውቴሪየሙ አንድ ፕሮቶን ጨምሮ ሂልየም-3 ይሆናል፤ ሁለት ሂልየም-3 ሲገናኙ አንድ ሂልየም-4 ተሠርቶ ሁለት ፕሮቶኖች ይመለሳሉ። ማነቆው የመጀመሪያው ነው። ፕሮቶኖቹ በተነካኩባት ቅጽበት ከሁለቱ አንዱ ወደ ኒውትሮን መለወጥ አለበት፤ ያንን የሚያደርገው ደካማው የኒውክሌር ኃይል ነውና ሙከራዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉ ይከሽፋሉ። በፀሐይ እምብርት ያለ አንድ ፕሮቶን በአማካይ ቢሊዮኖች ዓመታት ይጠብቃል። በዚህም የተነሳ 15 ሚሊዮን ኬልቪን በሚሞቀውና በውሃ 150 እጥፍ በታመቀው እምብርት ውስጥ እንኳ አንድ ሜትር ኩብ የሚያመነጨው 280 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ እንዲህ የምታበራው ውህደቱ ፈጣን ሆኖ ሳይሆን እምብርቷ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ነው። ዕድሜዋ መርዘሙም ከዚሁ ዝግታ ነው፤ ከሃይድሮጅን ቦምብ ጋር የሚያመሳስሏት ማብራሪያዎች እዚህ ላይ ክፉኛ ያሳስታሉ።

አሁን ወደ ጓዳውና ወደ ምድጃው። የውህደቱ ፍጥነት በሙቀት ላይ እጅግ የተመሠረተ ነው፤ ሙቀቱ በግማሽ ሲወርድ ፍጥነቱ ቢያንስ ወደ 16ኛ አንድ ይወርዳል፣ እፍጋቱ ሲቀንስ ደግሞ ከዚያም በታች። ስለዚህ 99 በመቶው ኃይል የሚመነጨው ከማዕከሉ እስከ ራዲየሷ ሩብ ባለው ክፍል ነው። ከዚያ በላይ፣ እስከ ራዲየሷ 70 በመቶ ድረስ፣ ኃይሉ የሚጓዘው በጨረር ብቻ ነው፤ ጋዙ ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች አይመላለስም። ጋዙ የሚገለባበጠው በላይኛው 30 በመቶ ነው፤ የዚያ ጋዝ ደግሞ እምብርቱ ዘንድ አይደርስም። በመካከል የማይላወስ ንጣፍ ስላለ ትኩስ ሃይድሮጅን ወደ ውስጥ አይወርድም፣ የተጠራቀመው ሂልየምም ወደ ውጭ አይወጣም። ፀሐይ ስትወለድ በማዕከሏ 70 በመቶ ገደማ የነበረው ሃይድሮጅን ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ዛሬ አንድ ሦስተኛ ገደማ ቀርቷል። ላይዋ ላይ ግን አሁንም ከ70 በመቶ በላይ ነው። እስከ ዕድሜዋ ዋና ምዕራፍ ፍጻሜ ድረስ የምታነደው ሃይድሮጅን ከጠቅላላ አካሏ 10 በመቶ ቢሆን ነው። ሁሉንም ብታዳርስ ኖሮ 10 ቢሊዮን ሳይሆን 70 ቢሊዮን ዓመት በቆየች ነበር።

ብዙዎች ነዳጁ እየሳሳ ሲሄድ ብርሃኗም እየደከመ የሚሄድ ይመስላቸዋል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። አራት ፕሮቶኖችና አራት ኤሌክትሮኖች በድምሩ 8 ቅንጣቶች ናቸው፤ ውህደቱ ካለቀ በኋላ የሚቀሩት አንድ የሂልየም ኒውክለስና ሁለት ኤሌክትሮኖች፣ 3 ብቻ ናቸው። የጋዝ ግፊት የሚመጣው ከቅንጣቶች ብዛት ነውና ሙቀቱ ባለበት ቢቀር ግፊቱ ይወድቃል፤ ከላይ ያለው ክብደት ግን አልቀነሰም። እምብርቱ ይጨመቃል። ሲጨመቅ ከስበት ከሚለቀቀው ኃይል ግማሹ ጨረር ሆኖ ይወጣል፣ ግማሹ እዚያው ቀርቶ ጋዙን ያሞቀዋል። ሙቀቱ ሲጨምር ውህደቱ ይፈጥናል። ለዚህ ነው ፀሐይ በልጅነቷ ከዛሬው 30 በመቶ ገደማ ደብዛዛ የነበረችው፤ አሁንም በየቢሊዮን ዓመቱ ብርሃኗ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለምድር የሚያሰጋው ይህ ነው፤ ከቀይ ግዙፍነቱ ዘመን ብዙ ቀድሞ፣ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ፣ ውቅያኖሶች በፈሳሽነት ለመቆየት ይቸገራሉ።

ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ በማዕከሏ ሃይድሮጅን ያልቃል። እምብርቱ ሂልየም ብቻ ይሆናል፤ ለሂልየም ውህደት ግን 100 ሚሊዮን ኬልቪን ያስፈልጋልና አይነድም። ስለዚህ መጨመቁን ይቀጥላል፤ ጥግ ጥጉን የከበበውን የሃይድሮጅን ቅርፊት አሙቆ ውህደቱን ወደዚያ ያሻግረዋል። ያ ቅርፊት ፀሐይ ዛሬ ከምትሰጠው እጅግ የበለጠ ኃይል ያወጣል፤ የውጭው አካል ያብጣል፣ ላዩ ይቀዘቅዛል፣ ይቀላል። ቀይ ግዙፍ የሚባለው ይህ ነው፤ ነዳጅ አለቀባት የተባለች ኮከብ ያኔ ከዛሬው ከሺ እጥፍ በላይ ታበራለች። በመጨረሻ ሂልየሙ ተለኩሶ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካርቦንና ኦክስጅን ይሠራል። ከዚያ በላይ ለመሄድ 600 ሚሊዮን ኬልቪን ያስፈልጋል፤ የፀሐይ መጠነ ቁስ ለዚያ አይበቃም። ምክንያቱም እምብርቱ እጅግ ሲታመቅ ኤሌክትሮኖቹ ከዚህ በላይ አንጨመቅም ይላሉ፤ ይህ ግፊት በሙቀት ላይ አይመሠረትም፣ ስለዚህ መጨመቁም መሞቁም ይቆማል። የውጭው አካል፣ ያልነደደውን ሃይድሮጅን እንደያዘ፣ ወደ ጠፈር ይበተናል። የቀረው፣ ከፀሐይ ግማሽ ያህል መጠነ ቁስ ይዞ ምድርን የሚያህለው እምብርት፣ ነጭ ድንክ ይባላል፤ የሚያበራው ያጠራቀመውን ሙቀት እየለቀቀ ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ኮከብ የሚያበራው ነዳጅ ስላለው ሳይሆን ክብደቱን ለመሸከም ሙቅ መሆን ስላለበት ነው፤ ሙቅ ነገር ደግሞ ኃይል ያፈሳል። ውህደቱ የሚያደርገው የፈሰሰውን መተካት ነው። መጠነ ቁሱ ሲጨምር የሚሸከመው ክብደት ይጨምራል፣ እምብርቱ መሞቅ አለበት፣ ብርሃኑም በመጠነ ቁሱ 3.5ኛ ኃይል (አርቢው 3.5) ገደማ ይንራል። የፀሐይ እጥፍ የሆነ ኮከብ ነዳጁ 2 እጥፍ፣ ወጪው 11 እጥፍ ገደማ ነው፤ ዕድሜው ከ2 ቢሊዮን ዓመት በታች ይሆናል። አሥር እጥፉ ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት ቢቆይ ነው። በእነዚህ ከባድ ከዋክብት ውስጥ ፕሮቶኖቹ የሚዋሃዱት በካርቦን፣ በናይትሮጅንና በኦክስጅን አማካይነት በሚዞር ሌላ ዑደት ነው፤ እሱ ሙቀት ትንሽ ሲጨምር ወዲያው የሚንር ነው። ቀመሩ ግምታዊ መሆኑን ለተማሪዎች ይንገሩ፤ በጣም ከባድ በሆኑትና ቀይ ድንክ በሚባሉት ትንንሽና ደብዛዛ ከዋክብት ላይ በቀጥታ አይሠራም።

ቀይ ድንኮቹ ለብቻቸው ሊታዩ ይገባል፤ የተማሪው ጥያቄ የሚፈተነው በእነሱ ነው። መጠነ ቁሳቸው ከፀሐይ አንድ ሦስተኛ ገደማ በታች በሆኑት ከዋክብት ጋዙ ከላይ እስከ ማዕከሉ ድረስ ይገለባበጣል፤ ያ የማይላወስ ንጣፍ የለም። ሂልየሙ ይበተናል፣ ሃይድሮጅኑ ይወርዳል፤ ጓዳ ውስጥ የሚቀር የለም ማለት ይቻላል። ወጪያቸውም እጅግ ትንሽ ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው ኮከብ፣ 4.2 የብርሃን ዓመት የሚርቀው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ የፀሐይን 12 በመቶ ብቻ ይመዝናል፤ ዕድሜው በትሪሊዮን ዓመታት ይገመታል። ዩኒቨርስ ራሱ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ብቻ ስለሆነው እስካሁን አንድም ቀይ ድንክ ነዳጁ አልቆ አልሞተም። በሌላ በኩል «ከባድ ከዋክብትም እምብርታቸው ውስጥ ጋዝ ይገለባበጣል» የሚል ተማሪ ቢነሳ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን መገለባበጡ በእምብርቱ ተወስኖ ስለሚቀር ከዚያ ውጭ ያለውን ሃይድሮጅን አያደርሰውም።

ታዲያ ነዳጅ መጨመር አይቻልም? ሲጨመር በተፈጥሮ ታይቷል፤ ውጤቱ ግን ተማሪው የጠበቀው አይደለም። ፀሐይ ላይ ሃይድሮጅን ቢፈስስ የሚቀረው ላይዋ ላይ ነው፤ ወደ እምብርቷ የሚደርሰው ክብደቱ ብቻ ነው። ክብደቱ ወጪዋን ስለሚያንረው ዕድሜዋ ይልቁንም ያጥራል። ሁለት ከዋክብት ተቀራርበው ሲዞሩ አንዱ የሌላውን ጋዝ ሊስብ ይችላል፤ የሚስበው ኮከብ ለጊዜው ታድሶ ወጣት ይመስላል፣ ግን በአዲሱ ክብደቱ ልክ ይጣደፋል። ጋዙን የሚስበው ነጭ ድንክ ከሆነ ነገሩ ይከፋል። የተጠራቀመው ሃይድሮጅን ላዩ ላይ በድንገት ተለኩሶ ኖቫ ይሆናል፤ መጠነ ቁሱ ወደ 1.4 ፀሐይ ከተጠጋ ደግሞ ካርቦኑ በሙሉ ባንዴ ተቀጣጥሎ ኮከቡ ሊበተን ይችላል። ያ 1.4 የሕንዱ ተወላጅ የፊዚክስ ሊቅ ቻንድራሴካር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያሰላው፣ የኤሌክትሮኖቹ ግፊት ሊሸከመው የሚችለው የመጠነ ቁስ ወሰን ነው፤ ብረቱ ጋ ስንደርስ ይመለሳል።

ወደ ሂልየም፣ ካርቦን፣ ኦክስጅን መሰላል እንውጣ። «ለምን ዝም ብሎ አይቀጥልም» ለሚለው ከሁሉ የሚያሳምነው መልስ በአቶሞቹ መጠነ ቁስ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገኛል። 56 ሃይድሮጅን አቶሞችን ወደ አንድ ብረት-56 ብንለውጥ በጠቅላላው የሚለቀቀው 0.89 በመቶ ነው። ከዚህ 0.71ዱ የሚገኘው በመጀመሪያው ደረጃ፣ ከሃይድሮጅን ወደ ሂልየም ነው። ማለትም ከአምስት እጅ አራቱ እጅ በመጀመሪያው ደረጃ ተበልቷል። ሦስት ሂልየም አንድ ካርቦን ሲሆኑ የሚገኘው 0.065 በመቶ ነው፤ የሃይድሮጅኑን አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የሚቀጥሉት ደረጃዎች የተረፈውን ቁራሽ ይካፈላሉ።

በዚያ ላይ ዋጋው ይወደዳል። የሂልየም ኒውክለስ የያዘው ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ፣ ካርቦን ስድስት፣ ኦክስጅን ስምንት ነው፤ መገፋፋቱ ስለሚበረታ ለማጋጨት የሚያስፈልገው ሙቀት ይንራል። ከ600 ሚሊዮን ኬልቪን ገደማ በላይ ሲሆን ሌላ ፍሳሽ ይከፈታል። ከሙቀቱ ብዛት ኒውትሪኖዎች በገፍ ይፈጠራሉ፤ እነሱ ቁስ አያግዳቸውምና የእምብርቱን ኃይል ይዘው በቀጥታ ይወጣሉ። ገቢው ሲያንስ ወጪው ይበዛል። ፀሐይን 25 እጥፍ በሚመዝን ኮከብ ላይ የሚሰላው ጊዜ ይህን በግልጽ ያሳያል፦ ሃይድሮጅን 7 ሚሊዮን ዓመት፣ ሂልየም ከግማሽ ሚሊዮን እስከ 700 ሺ ዓመት፣ ካርቦን 600 ዓመት፣ ኒዮን 1 ዓመት፣ ኦክስጅን ግማሽ ዓመት፣ ሲሊከን 1 ቀን ገደማ። ቁጥሮቹ ከስሌት ወደ ስሌት ይለዋወጣሉ፤ ቁልቁል መውረዳቸው ግን አይለወጥም።

የሲሊከኑ ቀን ሲያልቅ የሚገኘው በአብዛኛው ኒኬል-56 ነው፤ እሱ ውሎ አድሮ ወደ ኮባልት፣ ኮባልቱ ወደ ብረት-56 ይለወጣል። ብረት መርዝ አይደለም። ምንም ነገር አያጠፋም፣ ውህደትንም አያግድም። ከብረት በላይ መዋሃድ ኃይል አይሰጥም፣ ይልቁንም ይወስዳል፤ ያለው ነገር ይኸው ነው። ብረት ውስጡ ቢገኝም ኮከብ አይታመምም፤ በፀሐያችንም ውስጥ አንድ ሺኛ ገደማ ብረት አለ፣ ያለ ጉዳት። በከባድ ኮከብ ላይ የሚያመጣው ጣጣ፣ በዙሪያው ያለው ሲሊከን እየነደደ በላዩ ሲቆለል፣ ራሱ አንድም ኃይል የማያመነጭ እምብርት መሆኑ ነው። መጠነ ቁሱ 1.4 ፀሐይ ገደማ ሲደርስ የኤሌክትሮኖቹ ግፊት አይሸከመውም። ኤሌክትሮኖቹ በፕሮቶኖች ይዋጣሉ፤ ከፍተኛው ጨረር የብረቱን ኒውክለሶች መልሶ ይሰባብራል፣ ይህም ሙቀት ይሰርቃል፤ ምድርን የሚያህለው እምብርት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ አንድ ከተማ ስፋት ይፈርሳል። ከዚያ የሚወጣው 10⁴⁶ ጁል ገደማ ኃይል 99 በመቶው በኒውትሪኖ ነው። ይህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ የካቲት 23 ቀን 1987 ትልቁ የማጀላን ደመና በተባለው ጎረቤት ጋላክሲ የፈነዳ ኮከብ (ሱፐርኖቫ) ብርሃኑ ከመታየቱ ሰዓታት ቀድሞ ሁለት ደርዘን ያህል ኒውትሪኖዎች ጃፓን፣ አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት ውስጥ በነበሩ መሣሪያዎች ተመዝግበዋል። የሚቀረው የኒውትሮን ኮከብ ወይም ጥቁር ጉድጓድ ነው። ዕጣው ይህ የሚሆነው በግርድፉ ከ8 ፀሐይ በላይ ለተወለዱት ነው።

ስለ ቤቴልጅዩስ የሚወራው አብዛኛው የተጋነነ ነው። ከ2019 መጨረሻ እስከ የካቲት 2020 ብርሃኗ ጎልቶ ሲደክም «አለቀላት» ተባለ። በኋላ በተደረጉ ምልከታዎች ምክንያቱ ራሷ የተፋችው አቧራና የገጽታዋ መቀዝቀዝ ሆኖ ተገኘ፤ የነዳጅ ጉዳይ አልነበረም። ሊሆንም አይችልም፦ በእምብርት ውስጥ የሚሆነው ለውጥ በወራት ውስጥ ላይዋ ላይ አይታይም። ከፀሐይ 15 እጥፍ ገደማ ወይም በላይ ትመዝናለች፤ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ባልበለጠ ዕድሜዋ የእምብርቷን ሃይድሮጅን ጨርሳለች፣ የውጭ አካሏ ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው ሃይድሮጅን ነው። ሂልየም እያነደደች ነው የሚለው ግምት ሚዛን ይደፋል፤ ከሆነ በአሥር ሺዎች ወይም በመቶ ሺ የሚቆጠር ዓመት ይቀራታል። «ምናልባት ፈንድታ ይሆናል፣ ብርሃኑ አልደረሰን ይሆናል» የሚለውም ብዙ አይጠቅምም። ርቀቷ ከ500 እስከ 700 የብርሃን ዓመት ነው። የምናየው ብርሃን ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት የተነሳ ነው፤ ለሰው ረጅም ነው፣ ለኮከቧ ቀሪ ዕድሜ ግን ኢምንት። ብትፈነዳም በቀን የምትታይ ብርሃን ትሆናለች እንጂ በዚህ ርቀት ምድርን አትጎዳም።

ትምህርቱን ከሰማይ ጋር ማያያዝ ከፈለጉ የእርስዎ ቦታ ለዚህ የታደለ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ቤቴልጅዩስና አልደባራን ከአናት አጠገብ ናቸው። አልደባራን የእምብርቷን ሃይድሮጅን የጨረሰች፣ ያበጠች ቀይ ግዙፍ ናት፤ የፀሐይን የወደፊት መልክ ለማሳየት ከእሷ የተሻለ አይገኝም። ከቤቴልጅዩስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ደምቆ የሚታየው ሲሪየስ ፀሐይን 2 እጥፍ ይመዝናል፣ ገና ሃይድሮጅን እያነደደ ነው። ጓደኛው ግን በዓይን የማትታይ ነጭ ድንክ ናት፤ ከእሱ ከብዳ ስለተወለደች ቀድማ ጨርሳለች። ሁለተኛውን ጥያቄ በአንድ ነጥብ የሚመልስ ማስረጃ ይህ ነው። የፕሮክሲማ ጎረቤት የሆነው አልፋ ሴንታውሪ በሚያዝያ መጨረሻ እኩለ ሌሊት አካባቢ በደቡብ አድማስ ላይ 17 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ፕሮክሲማ ራሷ ግን ያለ ቴሌስኮፕ አትታይም። ክረምቱ ደመና ነውና አያቅዱበት። የከተማው መብራት ለእነዚህ ደማቅ ከዋክብት አያስቸግርም።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ቀይ ቀለም ላዩ መቀዝቀዙን እንጂ እርጅናን አያመለክትም፤ ትናንት የተወለደ ቀይ ድንክም ቀይ ነው። ሌላው፣ ቀን ላይ ፀሐይን ለማሳየት ማንም በባዶ ዓይን፣ በባይኖኩላር ወይም በቴሌስኮፕ እንዳያይ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ለቀለበታዊው ግርዶሽ የተገዙት የወረቀት መነጽሮች ከተቧጨሩ ወይም ከተቀደዱ ይጣሉ፤ ከባይኖኩላር ጋርማ ደህና ቢሆኑም አይሠሩም፣ ሌንሱ ያከማቸው ብርሃን ያቀልጣቸዋል። በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ ከፍቶ ምስሏን ወረቀት ላይ መጣል ለክፍል ይበቃል።

ለማስተማሪያው ያለኝ ምክር አንድ ነው፤ ከሱፐርኖቫ አይጀምሩ። መጀመሪያ ክብደትና ግፊት፣ ቀጥሎ 0.71 በመቶው፣ ቀጥሎ ጋዙ የማይገለባበጥበት ንጣፍ፣ ብረት በመጨረሻ። «ይመርዛል» የሚለውን ከደብተራቸው ያስሰርዙ። ከዚያ ዕድሜዋን ራሳቸው ያስሉ፦ የፀሐይ መጠነ ቁስ 2×10³⁰ ኪሎ ግራም፣ የሚነደው 10 በመቶው፣ ወደ ኃይል የሚለወጠው የዚያ 0.0071፣ የተገኘው በብርሃን ፍጥነት (3×10⁸ ሜትር በሰከንድ) ካሬ ተባዝቶ ለ3.8×10²⁶ ዋት ይካፈል፣ በመጨረሻም ለ3.15×10⁷ ሰከንድ። መልሱ ከ10 ቢሊዮን ዓመት ጥቂት ያልፋል። መልሳቸው 107 ቢሊዮን ከመጣ 10 በመቶውን ረስተዋል፤ 1.5 ትሪሊዮን ከመጣ 0.0071ን ዘለዋል፤ 10¹⁷ን የሚያሳይ ቁጥር ይዘው «ዓመት» ካሉ ሰከንዱን አልለወጡም፤ 36 ዓመት ገደማ ያወጣ ተማሪ ደግሞ የብርሃንን ፍጥነት ካሬ አላደረገም።